ፈረስና ዕርቅ፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ለሰላም የሠራው ሥራ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት ዓመት በሚወጣው በዚህ መጽሔት ውስጥ የታሪክ ክበብ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ዓድዋ ጦርነት፣ አንዳንዶቹም ስለ ዐባይ ምንጭ ለመጻፍ አሳብ አቀረቡ። ክርክሩ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆየ። በመጨረሻ የተስማማነው ሁለቱንም በሚነካ፣ ነገር ግን በመማሪያ መጽሐፎቻችን እምብዛም በማይገኝ ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም የአዊ ሕዝብ ጠብን በዕርቅ የሚያበርድበትና ገና ያልተነሣውንም ጠብ አስቀድሞ የሚከላከልበት ሥርዐት ነው። የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ አጥቶ አያውቅም። ሊዋጉ ተሰልፈው የነበሩ ሁለት ወገኖች በሽማግሎች ምክር ወደየቤታቸው የተመለሱበት ቀን ግን፣ ምንም ነገር ስላልሆነበት፣ በዜና መዋዕል አይጻፍም። የእንዲህ ያለውን ቀን ታሪክ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ቢሆንም በእንጅባራና በዳንግላ አገር አንድ ሕያው ማስረጃ ስላለን ከእርሱ እንጀምራለን።

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት የአዊ ሕዝብ ራሱን ሰባት ቤት አገው ብሎ ይጠራል። ሰባቱም ቤቶች አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው እነዚህ የሰባት ወንድማማቾች ስሞች ሲሆኑ፣ ወንድማማቾቹም በጥንት ዘመን ከላስታና ከዋግ በኩል ተነሥተው በዚህ በለምለሙ ደጋ ሰፈሩ። እኛ አፈ ታሪክን በድንጋይ ላይ እንደ ተቀረጸ ጽሑፍ አድርገን አንቀበለውም። ነገር ግን ለያዝነው ጉዳይ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰባቱ ቤቶች ወንድማማች ናቸው ከተባለ፣ ባንጃና አንከሻ ቢጣሉ ጠቡ የወንድማማች ጠብ ነው፤ የወንድማማች ጠብ ደግሞ ማብረጃ አለው። ይህን ነገር፣ ይልቁንም የመተከልን ቤት ስም፣ አንባቢ ልብ ብሎ እንዲይዝልን እንለምናለን።

አገው ምድር ከጥንት ጀምሮ በሰላም ብቻ የኖረ አገር አልነበረም። ዐፄ ሠርፀ ድንግልና ዐፄ ሱስንዮስ በየዘመናቸው ወደዚህ አገር ደጋግመው ዘምተዋል። እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770) የዐባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ በመጣ ጊዜ፣ አገዎች ለጎንደር ከተማ ከብት፣ ማርና ቅቤ የሚያቀርቡ ባለጸጎች መሆናቸውን ከጻፈ በኋላ፣ አገሩ ከጥቂት ጊዜ በፊት በጦርነት የተጎዳ መሆኑንም ይነግረናል። ከደጋው ጫፍ ወደ ምዕራብ ሲወረድ ደግሞ ሌላ መከራ ነበር። ከደጋ የሚወርዱ ሰዎች በቆላው የሚኖሩትን ጉሙዞች እየፈነገሉ ባሪያ አድርገው የሚሸጡበት ዘመን ረዥም ነው። እንግሊዞች በ1918 ዓ.ም. ገደማ በዳንግላ ከተማ ቆንሲል ያስቀመጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው በሱዳን ወሰን ያለው የባሪያ ንግድና ወረራ ነበር። ቆንሲሉ ሮበርት ቺዝማን በዳንግላ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ስለ ጣናና ስለ ዐባይ የታወቀ መጽሐፍ ጽፏል። የባሪያን ንግድ ፈጽሞ የሚያስቀረው ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። ዐዋጁ ንግዱን አስቀረ፤ በደጋውና በቆላው መካከል የቀረውን ቂም ግን ዐዋጅ ብቻውን ሊያጠፋው አልቻለም።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ። የአዊ ደጋ ቀዝቃዛ፣ ዝናሙ ብዙ፣ ሣሩም ለምለም ስለሆነ ለፈረስ የተመቸ ነው። በሌላ አገር ፈረስ ለመቀመጫና ለክብር ብቻ ሲሆን፣ በባንጃና በአካባቢው ግን ያርሳል፤ ሸክም ይሸከማል፤ በሽተኛ ያደርሳል፤ ሙሽራ ያመጣል። ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ለልቅሶ ይወጣል። በዓድዋ ዘመቻም የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር በዘመተ ጊዜ የአገው ምድር ፈረሰኞች አብረው መዝመታቸውን አባቶች በኩራት ይተርካሉ። የዓድዋ ድል የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም በሥዕሉ ሁሉ በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ስለዚህ ፈረስ፣ ዓድዋና ቅዱስ ጊዮርጊስ በአዊ ሰው ልብ ውስጥ በአንድነት ቢታሰሩ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው ይባላል። በመጀመሪያ ጊዜ የነበሩት አባላት 32 ብቻ እንደ ነበሩም ይነገራል። የምሥረታውን ዘመን ልብ ማለት ይገባል። በ1932 ዓ.ም. ጣልያን ገና ከጎጃም አልወጣም፤ በዳንግላም የኢጣልያ ጦር ሰፍሮ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል የገቡት በሚከተለው ዓመት በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ነው፤ የዳንግላው የጠላት ጦርም ለቆ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ጥቂት ባላገሮች ጠላት አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ፣ ያንኑ ጠላት ከ44 ዓመት በፊት ድል ያደረጉ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን ለማስታወስ ማኅበር አቆሙ ማለት ነው። እኛ ይህን ስናስብ የማኅበሩን ጅምር ከዐርበኝነት ሥራ ለይተን ልናየው አልቻልንም።

በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ በእንጅባራ ይከበራል። በዓሉን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንግለጽለት። ፈረሰኞቹ ከየወረዳው፣ ከባንጃ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከዳንግላ፣ ከአንከሻ፣ ከጓጉሳ ሽኩዳድ፣ ከዚገምና ከጓንጓ፣ ገና ሳይነጋ ይነሣሉ። ፈረሶቹ በግላስና በልዩ ልዩ ጌጥ ተሸልመዋል፤ የቃጭሉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሽርጥ፣ ስግርያና ጉግስ የሚባሉት ትርኢቶች በየተራ ይታያሉ። በ32 አባላት የተጀመረው ማኅበር በዛሬው ጊዜ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይገለጻል። በበዓሉ ቀን የሚመጣው እንግዳ የሚያየው ይህን ብቻ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሥቶም ይሄዳል። የማኅበሩ ዋና ሥራ ግን እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ በቀሩት 364 ቀኖች የሚሠራው ነው።

የአገራችን ጠብ ከምን ይነሣል? ከትንሽ ነገር ነው። የአንዱ በሬ በሌላው ገብስ ውስጥ ይገባል። አንዱ ሲያርስ የወሰኑን ድንጋይ በአንድ ትልም ያልፋል። ውርስ ያልተካፈሉ ወንድማማቾች በአባታቸው ለቅሶ ላይ ይነጋገራሉ። በጠላ ቤት የተነገረ አንድ ቃል ሰንብቶ ጠዋት ይታወሳል። በየቤቱ ዱላ አለ፤ በአያሌ ቤትም ጠመንጃ አለ። ስለዚህ በትልም የተጀመረው በመቃብር ሊፈጸም ይችላል። ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም፤ በየመንደራችን የምናየው ነገር ነው።

ሁለት የማኅበሩ አባሎች ሲጣሉ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በቅድሚያ ማኅበሩ ይሰማዋል። ማኅበሩ ከቀበሌ ጀምሮ እስከ ወረዳና እስከ ዞን የተዘረጋ ሥርዐት ስላለው፣ ጠቡ በተነሣበት መንደር ያሉ ፈረሰኞች ነገሩን ያኑኑ ቀን ያውቁታል። ሽማግሎች ይመረጣሉ። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር ማን በደለ የሚለው አይደለም፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ አንዱ በሌላው ላይ እጁን እንዳያነሣ ዋስ እንዲጠሩ ይደረጋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛ አስተያየት የሥርዐቱ ሁሉ መሠረት እርሱ ነው። ዋስ የጠራ ሰው ቂሙን ለብቻው የያዘ ሰው አይደለም። ቢያጠፋ የሚጠየቀው ዋሱ ነው፤ ዋሱም ሌሊት ከበሩ አይጠፋም።

በቀጠሮው ቀን በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ከሳሽ ሳይቋረጥ ይናገራል፤ ተከሳሽም እንዲሁ። ሽማግሎቹ ምስክር ይሰማሉ፤ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ እየወሰዱ ይመክራሉ፤ ካሣ የሚገባ ከሆነ ካሣውን ይቆርጣሉ። ከዚያ በኋላ በዳይ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ተበዳይም ይቅር ይላል፤ ከአንድ ማዕድ ይበላሉ። ይህ ሁሉ በሌላውም የአማራ አገር በሽምግልና የተለመደ ነው። ታዲያ ፈረሰኞቹ ምን ጨመሩበት ቢባል፣ እምቢተኛን የሚመልስ ኃይል ጨመሩበት። ተራ ሽማግሌ እምቢ ያለውን ሰው ከመርገም በቀር ምንም ሊያደርገው አይችልም። ፈረሰኛ ግን እምቢ ቢል ከማኅበሩ ይገለላል። ከማኅበሩ የተገለለ ሰው ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ ሊወጣ አይችልም፤ ዘመዱ ቢሞትበት ፈረሰኛው ተሰልፎ አይመጣለትም። የሚሰርቅ፣ በሐሰት የሚመሰክር፣ የሰው ወሰን የሚገፋ አባልም እንዲሁ ይቀጣል። በከተማ ላደገ ሰው ይህ ቅጣት ቀላል ሊመስለው ይችላል። በገጠር የሚኖር ግን ሰው ያልመጣበት ልቅሶ ምን እንደሆነ ያውቃል።

በዚህ ላይ አንድ የራሳችንን አስተያየት ለመጨመር እንወዳለን። ጉግስ የጨዋታ ጦርነት ነው። አንዱ ፈረሱን ያስጋልባል፤ ሌላው ከኋላው እየጋለበ ዘንግ ይወረውርበታል፤ የሚሸሸውም በጋሻው ይመክታል። አሁን ዘንጉን የሚወረውረው ሰው ደም የተቃባ ጠላት ቢሆን ጨዋታው በምን ይፈጸማል? ስለዚህ ጉግስ የሚጫወቱ ሰዎች አስቀድሞ የታረቁ መሆን ግዴታቸው ነው። የጦርነትን ሥልት የሚያስታውሰው ጨዋታ ራሱ ከተጫዋቾቹ ሰላምን ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ 32 ሰዎች ይህን አስበው እንደሆነ አናውቅም፤ የሆነው ግን እንዲህ ነው። ለጦር ፈረስ መታሰቢያ የቆመው ማኅበር ውሎ አድሮ የጠብ ማብረጃ ሆነ።

የነፍስ ነገር ሲመጣ ግን ሥራው ከባድ ነው። ሰው ሲገደል ገዳዩ ይሸሻል፤ ወንድሞቹና የአጎቱ ልጆችም ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ይቀራሉ፤ ምክንያቱም የሟች ወገን ደሙን ከማንም ሊመልስ ይችላል። ሽማግሎችና ካህናት መስቀል ይዘው በመጀመሪያ ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ሄደው አይሳካላቸውም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ዓመታት ያልፋሉ። የሟች ወገን እሺ ያለ እንደሆነ የገዳይ ወገን ካሣ ይዞ፣ ገዳዩም ድንጋይ ተሸክሞና ራሱን አዋርዶ ከሟች ዘመዶች ፊት ይወድቃል። ማሕላ ይፈጸማል። ከዚያ ቀን በኋላ ደሙን የሚያነሣ ሰው ማሕላ አፍራሽ ይባላል።

እዚህ ላይ ከመምህራን መካከል አንድ ተገቢ ጥያቄ ተነሥቶብናል። ነፍስ የገደለ ሰው በሽማግሌ ዕርቅ ሊለቀቅ ነውን? አይለቀቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 በሕጉ በተደነገጉት ጉዳዮች የቀድሞውን ልማድ በሕጉ ተክቷል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ለባህላዊ ዳኝነት ቦታ የሰጠው በግልና በቤተ ሰብ ጉዳይ ነው እንጂ በወንጀል አይደለም። ገዳዩን የሚቀጣው ፍርድ ቤት ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት ገዳዩን ብቻ አስሮ ፋይሉን ሲዘጋ፣ የሟች ወንድም በሜዳ ላይ ይቀራል፤ የገዳዩም ወንድም እንዲሁ። ፍርድ የሚሰጠው ለተደረገው ነገር ነው፤ ዕርቁ የሚጠብቀው ገና ያልተደረገውን ሁለተኛውን ግድያ ነው። በዚህ ምክንያት ፖሊሶችና ዳኞች ራሳቸው ሽማግሎችን ሲጠሩ ይታያል። ሁለቱ ሥራዎች አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ፣ ለምሳሌ ባለጸጋ ገዳይ በከብትና በገንዘብ ነገሩን ለማዳፈን ሲሞክር፣ ዕርቁ መሸሸጊያ ይሆናል። ይህም አልፎ አልፎ እንደሚደረግ መካድ አይገባንም።

ይህን የመሰለ ሥርዐት ያለው የአዊ ሕዝብ ብቻ አይደለም። በክበባችን ስለ ሌሎች የኢትዮጵያ ሕዝቦች ስናጠና ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የሶማሌ ሕዝብ ሕግ ነው። የኢሳ ሶማሌዎች በቃል የሚጠብቁት ሔር የሚባል ሕግ አላቸው። በባህላቸው እንደሚነገረው ሕጉን የደነገጉት ከልዩ ልዩ ጎሣዎች የተውጣጡ 44 ሽማግሎች ናቸው። ይኸው የኢሳ ሔር በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማልያ ስም በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በሶማሌ ልማድ አንድ ሰው ቢገድል ካሣውን የሚከፍለው ብቻውን አይደለም፤ ካሣ አብረው ለመክፈልና አብረው ለመቀበል ቃል የተጋቡ ዘመዶቹ ሁሉ ይከፍላሉ። ስለዚህ ግመል ያለው ዘመድ ሁሉ ቁጡውን ወጣት አስቀድሞ ይመክረዋል። የእኛ ዋስ የሚሠራውን ሥራ በእነርሱ ዘንድ ጎሣው በሙሉ ይሠራዋል ማለት ነው።

የሶማሌ ሽማግሎች ምን ያህል ሊሠሩ እንደሚችሉ በ1985 ዓ.ም. ታይቷል። የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ሶማልያ በእርስ በርስ ጦርነት ስትፈራርስ፣ በሰሜን በቦረማ ከተማ 150 የሚሆኑ የጎሣ ሽማግሎች ለወራት ተቀምጠው መከሩ። መሣሪያ ስለሚወርድበት፣ ጎሣዎች ስለሚታረቁበትና አገሩ ስለሚተዳደርበት ሁኔታ ተስማምተው ሙሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋልን መሪ አድርገው መረጡ። ጉርቲ የሚባለው የሽማግሎች ጉባኤም ከምክር ቤቶቹ አንዱ ሆነ። በዚያው ዘመን በሰሜን ኬንያ በዋጂር የሚኖሩት ሶማሌዎች ጎሣ ከጎሣ ሲገዳደሉ፣ ነገሩን በመጀመሪያ የያዙት ሴቶች ናቸው። ዴካ ኢብራሂም አብዲ የምትባለው ሴትና ጓደኞቿ የጀመሩት ከገበያው ነው። የየትኛውም ጎሣ ሴት ያለ ፍርሃት የምትሸጥበትና የምትገዛበት ገበያ እንዲሆን ጠባቂዎች አቆሙ። ከዚያ በኋላ ሽማግሎቹ ተሰብስበው በ1986 ዓ.ም. መባቻ ላይ የሰላም ቃል ኪዳን አወጡ። ዴካም በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በስዊድን አገር የሚሰጠውን የታወቀ ሽልማት እንደምትቀበል ተነገረ።

ይህን ስናነብ የክበባችን ልጃገረዶች አንድ ጥያቄ አጥብቀው አነሡ። በእኛ አገር በሽምግልና ወንበር የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ጠብ ሲነሣ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ውሃ መቅዳት ሲያቆም፣ እሳት መጫጫር ሲቀር በመጀመሪያ የሚያውቁት እናቶቻችን ናቸው። ዱላው ከመነሣቱ ከአንድ ወር በፊት ያውቁታል። ማኅበሩ የእነርሱን ጆሮ ቢጠቀምበት ሽማግሌ ገና ሳይጠራ ብዙ ነገር ይበርድ ነበር። ወንዶቹም ይህን ጥያቄ ለመመለስ ስላልቻልን እንዲሁ እንዳለ ጽፈነዋል።

ሌላም ችግር አለ። ማኅበሩ የሚኖረው ፈረስ ሲኖር ነው፤ ፈረስ የሚኖረው ሣር ሲኖር ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራልያ የመጣ ግራር እየተከለ ከሰል በመሸጥ ጥሩ ገንዘብ አግኝቷል፤ የደከመው መሬትም ተጠግኗል። በአንጻሩ ማሳውና ግጦሹ ጠቧል። እኛ ገበሬውን ልንወቅሰው አንችልም፤ ከአንዳንዶቻችን የትምህርት ወጪ የሚሸፈነው በዚሁ ከሰል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነትም በትምህርትና በመንገድ ላይ ያደረሰውን ጉዳት አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለውን ጠብ የመንደር ሽማግሌ ብቻውን የሚመልሰው አይደለም።

አሁን በመጀመሪያ አደራ ወዳልነው ወደ መተከል ቤት እንመለስ። መተከል ከሰባቱ ወንድማማቾች አንዱ ነው። በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዘመን መተከል አውራጃ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው የክልል አከፋፈል ግን አዊ በአማራ ክልል፣ መተከል ደግሞ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ሆነ። መተከል የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የአገው፣ የአማራና የኦሮሞ ሕዝብ አብሮ የሚኖርበት አገር ነው። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ እንዲሁም ከሌላ አገር ወደ 80 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ወደ በለስ ሸለቆ፣ ወደ ፓዌ፣ ሲወሰድ ጉሙዞች የሚያድኑበትና እያፈራረቁ የሚያርሱበት ሰፊ መሬት ተያዘባቸው። ያ የድሮው የፈንጋዮች ቂም በላዩ ላይ የመሬት ቂም ተጨመረበት።

በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ማብቂያ ገደማ በመተከል በዳንጉር ወረዳ ሰዎች ተገደሉ፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ በበቀል በአዊ ዞን በጃዊ ወረዳ ጉሙዞች ተገደሉ። በጃዊ የሞቱት ከመጀመሪያው ጠብ ጋር ምንም ጉዳይ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ይህን መጻፍ ለእኛ ደስ አይለንም፤ ነገር ግን ስለ ዕርቅ የሚጽፍ ሰው ዕርቅ ያልደረሰበትን ቦታ ቢያልፈው የበዓል ንግግር ይሆንበታል። በ2012ና በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል በልዩ ልዩ ወረዳዎች አማራው፣ አገውና ሺናሻው በብዛት ተገደለ፤ በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ የሆነው ከሁሉ የከፋ ነበር። ከሞት የተረፈው ሕዝብ ወደ አዊ ዞን ሸሽቶ በጫግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ በሸራ ድንኳን ሰፈረ።

ታዲያ ከ60 ሺህ በላይ ፈረሰኞችን ያስታረቀው ሥርዐት በዚህ ጊዜ ምነው ኃይል አጣ? በእኛ አስተያየት መልሱ ከላይ በጻፍነው ውስጥ ይገኛል። ሥርዐቱ የሚሠራው በአባልነት ነው። ጉሙዙ ከሰባቱ ቤት አይደለም፤ በቆላው ፈረስ አያረባም፤ ጥር 23 ቀን ወደ እንጅባራ አይመጣም። የሚጠራው ዋስ የለም፤ ከማኅበር እንለይሃለን ቢሉት የሚፈራው ነገር የለም። ደጋው በውስጡ ያለውን ጠብ በሚገባ እያበረደ ሳለ ከወሰኑ ማዶ ላለው ጎረቤት ግን በር ሳይሠራ ቀረ።

ጉሙዞች የራሳቸው የዕርቅ ሥርዐት የሌላቸው እንዳይመስለን። ማንጊማ የሚባል ሥርዐት አላቸው። ሁለት ወገኖች ሲጋደሉ ከሁለቱም ያልሆኑ ሽማግሎች መካከል ገብተው ነገሩን ይሰማሉ፤ ካሣ ይቆርጣሉ፤ በማሕላ ያስታርቃሉ። ይህ ሥርዐት በጉሙዞች መካከል ብቻ ሳይወሰን ከሠፋሪዎችና ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር የተነሣ ጠብ የታረቀበትም ጊዜ አለ። ማንጊማና የፈረሰኞቹ ሽምግልና በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ዋስን፣ ካሣንና ማሕላን ያውቃሉ። ሁለቱ በአንድ ጥላ ሥር የሚቀመጡበት የታወቀ ቀንና የታወቀ ቦታ ግን የላቸውም። የክልል ባለሥልጣኖች ጠብ ከተነሣ በኋላ ሽማግሎችን ከሁለቱም ወገን በመኪና አምጥተው በአዳራሽ ያስቀምጧቸዋል፤ ይህ መልካም ነው፤ ቦረማ ግን የተቀመጡት ወራት ሙሉ ነው እንጂ ለአንድ ቀን አበል አልነበረም።

ከጥንት የቀረ አንድ ሌላ ድልድይም አለ። በደጋውና በቆላው ወሰን ላይ አንድ አገውና አንድ ጉሙዝ ወዳጅ ይባባላሉ። ጉሙዙ ለገበያ ወደ ደጋ ሲወጣ በወዳጁ ቤት ያድራል፤ ማርና ጥጥ ያመጣል። አገዋዊውም ወደ ቆላ ሲወርድ በወዳጁ ቤት ይስተናገዳል፤ ጠብ ቢነሣ በወዳጁ ላይ እጅ እንዳይነሣ እርሱ ቆሞ ይከላከላል። ወዳጅነቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በራንች ከሰፈሩትና በጫግኒ ከሚኖሩት ሰዎች መካከል በመከራው ቀን ጉሙዝ ወዳጃቸው በሌሊት መንገድ እያሳየ እንዳወጣቸው የሚናገሩ አሉ።